አርባ አንደኛው ብልቃጥ

በጥር ወር ቱርኩ ላይ ንጋት ዳተኛ ነው፤
ከጧቱ ሦስት ሰዓት፣ ወንዙ ገና ጥቁር፣ በረዶው ብቻ ነው
ብርሃን የሚመስለው።
ብልቃጦቼን ይዤ ከክፍሉ ስገባ፣
አርባ አንድ ብዬ ጽፌ፣ በቁጥር ስግባባ፣
«አርባ አንድ አይደለሁም፤ ቶርስቴን ነኝ» አለኝ፣
ክንዱን ዘርግቶልኝ ዐይን ዐይኔን እያየኝ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት መርከብ የነዳ ሰው፣
ሌሊቱን ሲጠብቅ እንቅልፍ ያልደፈረው፣
አሁን አንጀቱ ውስጥ ዕጢ ቢያገኙበት፣
ከቢላዋው ይልቅ መተኛት ከበደበት።
«ስሚ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ስተኛ ማነው
ዘብ የሚቆምልኝ?»
ሳላስብ ከአፌ ወጣ፦
«ደምህ አለ።»
ፈገግ ያለ መሰለኝ።

መጀመሪያ የሚያረጋጋው ገባ፣ እንደ ለብታ ውኃ፤
ቀጥሎ ወተት መሳዩ።
ከአሥር ወደ ታች ቁጠር አሉት፤ ሰባት ላይ ጠፋ።

ማታ ምድር ቤት ነኝ፤ አጉሊው ከፊቴ፣
ቀይ ቀለም የጠጣ እርሾ በሳህኔ፣ ራቴ ግን በቤቴ።
ሥራዬ ይኸው ነው፤ ለዘብ ራት አስቦ
ጉርሻውን መቁጠር ነው፣ ዐይንን ከመስታወት አቅርቦ።
የጧቱ ደም ሆዳም ነበር፦ አራት የዋጠ አለ፣ ስድስትም የዋጠ፣
አንዱማ አፉን ሳይዘጋ ለሰባተኛው ያፈጠጠ።
ቢላዋው ካረፈ በኋላ የተቀዳው ግን
ክብ ክብ ሆኖ ተቀምጧል፣ እንደ ወንዝ ዳር ጠጠር፤
እርሾው እየነካካው፣ ገበታው ከደጁ ሲደረደር
እጁን አይዘረጋ።
ገዳይ ብለን የምንጠራቸው ሌሎችም ነበሩ፣
የዕጢ ዘር ሲያገኙ ትእዛዝ ሳይጠብቁ የሚወሩ፤
እነሱን ማሽኑ ቆጠረ፣ ሌዘሩን እያበራ፤
አሃዙ ሲወርድ አየሁ፣ ዕርከን በዕርከን፣ ተራ በተራ።

ለአንዱ የታዘዘ እንቅልፍ፣ ለሕመም የተቀዳ፣
ሳያንኳኳ ገባ ከዘቦቹ ጓዳ።
ጭንቅላትን ብቻ ቢሉት አድራሻ አያውቅም፤
ደም መንገድ ነው፤ መንገድ ደግሞ ተጓዥ አይመርጥም።

ዋሸሁት ማለት ነው።
«ደምህ አለ» ብዬ።

ዶክተር አውኒ ወረደች፣ አስተኚዋ፣ ካልሲዋ እርጥብ፤
ወረቀቴን አነሣች፣ ቆማ ልታነብ።
«መድኃኒቱ ነው?» አልኋት። «ምናልባት» አለች፤
ቆየችና ደግሞ «ቢላዋውም ይሆናል» ብላ ጨመረች፤
«የክፍሉ ብርድ፣ የፈሰሰው ደም፣ የቁስሉ ጩኸት፣
ፍርሃትም ራሱ፣ አብሮት ያደረው ፍርሃት፤
የፈራ ሰው ዘቡም ይደክማል፣ ታውቂያለሽ።
ሳይተኛ የሚቀደድ ሰው ከየት ላምጣልሽ፣
ጎን ለጎን አስቀምጠሽ እንድታነጻጽሪ?»
አልመለስሁላትም። መብራቱ ይጮኻል፣ ስስ ጩኸት፣ እንደ ትንኝ።
ይኸኛውን በዚያኛው ብንለውጥ፣ መጠኑን ትንሽ ብንቀንስ፣
እያልን አመሸን፤ የጎደለው ግን
እንደ ጎደለ ነው፤ ገና አርባ አንድ ብልቃጥ።

በሦስተኛው ቀን ክንዱን ደግሞ ሰጠኝ።
ፊቱ ገርጥቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል፤ ያየውን አጫወተኝ፦
«ሕልም እንኳ አልነበረም፤ ባሕር ነው፣ ጠረፍ የሌለው፣
ፋና የማይበራበት። መርከቡ ግን አልሰጠመም።
መሪውን ማን ነበር የያዘው?»

ምን ልበለው?
ዘቦቹም አሸልበው ነበር? መሪው ባዶ ነበር?
መርፌውን ነቀልሁ፣ ጥጡን ከቀዳዳው ላይ ጫንሁ፣
ጣቱን አንሥቼ በጥጡ ላይ አሳረፍሁ፤
«ያዘው» አልሁት።
ያዘው።

ማታ ምድር ቤት፣ ያው ሳህን፣ ያው ቀይ እርሾ።
ብዙዎቹ እንደ ጠጠር ናቸው አሁንም።
ከዳር ያለ አንዱ ግን ጠርዙ ተንቀሳቀሰ፤
ጣት የመሰለ ነገር አወጣ፣ ቀዩን ነካ፣ ተወው፣
ዞር አለ፣
ሰዓቴን አየሁ፣ ሰባት ደቂቃ፣
ተመለሰ። ጎረሰ።
እርሳሴን ፈልጌ
አንድ ብዬ ጻፍሁ።